የቄቧ እግር

በሪሶ ቄቧን በሁለት ክንፎቿ አንጠልጥሎ ጎጆው ውስጥ ሲገባ፣ የትምወርቅ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ወዲያው ገባት። ከዱመርሶ እስከ ኮንጋ አጥንቱ ተሰብሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ደንብ ያውቀዋል። ወጌሻው በሪሶ ሰው ሲጠግን ዶሮ ይሰብራል። የዶሮዋን እግር እንደ በሽተኛው እግር በቀርከሃ ስንጣሪና በእንሰት ቃጫ ያስርና ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖራቸዋል። ዶሮዋ ሳታነክስ በሄደች ቀን የሰውየው እስራት ይፈታል። ከዚያ በፊት ሹም ቢያዘው፣ ጣሊያን ጠመንጃ ቢደቅንበት አይፈታም።

«ያዝልኝ» አላት ቄቧን እያቀበላት። የበሪሶ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ የትምወርቅም አንተ፣ ባሏም አንተ፣ ዶሮዋም አንተ ነበሩ።

ያዘችለት። የቄቧ ላባ ይሞቃል፤ ልቧ የትምወርቅ መዳፍ ላይ ይደልቃል። በሪሶ አውራ ጣቱን በቀጭኑ እግር ላይ ቁልቁል አስኬደና ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ መካከሉን መረጠ። የትምወርቅ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ፤ ቄቧ አንዴ ጮኻ ዝም አለች።

«አያ በሪሶ፣ ምን አጠፋች?» አለ ባሏ ወልዱ ከመደቡ ላይ። «ቦምቡን የጣለችው እሷ አይደለች።»

«አንተ ዝም በል። ዛሬ ሐኪም አይደለህም፣ በሽተኛ ነህ።»

«ደስ ብሎሃል።»

«በጣም! ስንት ዘመን እግዜርን ለመንሁ፤ ይሄ ሐኪም አንድ ቀን በእጄ ይግባ ብዬ።»

«እግዜር ሰማህ እኮ። ትንሽ አበዛው እንጂ።»

ሁለቱም ሳቁ። የትምወርቅ ዓይኗን ከቄቧ ላይ አላነሳችም።

ወልዱ ከጦርነቱ በፊት ዲላ ከተማ ድሬሰር ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ የቁስልና የመርፌ ሙያ ተምሮ፣ አባቱ ከሰሜን መጥተው ወደ ሰፈሩባት ከተማ ተመለሰ። የቆሰለ ወደ እሱ ይመጣል፤ የተሰበረ ወደ በሪሶ ይሄዳል። ቁስልም ስብራትም ያለበትን ሰው ግን ይሻሙበት ነበር። በሪሶ ለገበያ በወረደ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆሞ «የኔን በሽተኛ አምጣ!» እያለ ይጮኻል። ወልዱም «ና ግባ፣ መጀመሪያ ግን እጅህን ታጠብ» ይለዋል። እንዲህ እየተነቋቆሩ ተዋደዱ። የበሪሶ ሚስት በአራስነቷ ትኩሳት ሲይዛት፣ ወልዱ ዝናብ እየደበደበው በእግሩ ዱመርሶ ድረስ ወጥቶ አትርፏታል። በሪሶ ያን አልረሳም።

ጦርነቱ ሲመጣ ወልዱ የቀይ መስቀል ጨርቅ በክንዱ አስሮ ከደቡቡ ጦር ጋር ዘመተ። ጦሩ ተፈትቶ ሲያፈገፍግ አውሮፕላን የጣለው ቦምብ ቋጥኝ ፈነቀለ፤ የቋጥኙ ስባሪ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ ሥር መታው። ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው በሪሶ ዘንድ አደረሱትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። የትምወርቅ ወሬው ሲደርሳት የለበሰችውን እንደለበሰች ከዲላ ወጣች። ያኔ ከተማው ላይ የጣሊያን ባንዲራ ከተሰቀለ ሰንብቷል፤ እሷም አርግዛለች።

በሪሶ እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ እግሩን በቅጠልና በላላ እስራት አቆየው። አጥንቱ መያዝ ሲጀምር ነው ጠበቅ አድርጎ ሊያስር ቄቧን ይዞ የመጣው።

የትምወርቅ አፏን የከፈተችው «እዚያ አይደለም፤ ከፍ ብለህ መገጣጠሚያው ላይ ስበራት» ልትል ነበር። ይህን የምታውቀው ከራሱ ከባሏ ነው።

በተጋቡ ሰሞን ለመረቅ የገዛችውን የበሬ ቅልጥም ከእጇ ተቀብሎ በመጋዝ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። «አጥንት ደረቅ ነገር ይመስልሻል» አላት። ዳሩ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊት ነው፤ ጫፉ አካባቢ ውስጡ እንደ ማር ሰፈፍ የተቦረቦረ ነው፤ መካከሉን መቅኔ ሞልቶታል። ከሰፈፉ ውስጥ ደም እንደ ላብ ያዥ ነበር። በሌላ ቀን አንድ የዶሮ አጥንት ሎሚ ውሃ ውስጥ ነክሮ አሰነበተ፤ ሌላውን ከሰል ላይ ጣለ። ሎሚ ውስጥ የሰነበተው እንደ ገመድ ተቋጠረ። እሳት የበላው ቅርጹን እንደያዘ ቆይቶ ሲነካ ዱቄት ሆነ። «አየሽ» አላት፣ «አጥንት የጭቃ ቤት ነው። ጭድና ጭቃ። ሎሚው ጭቃውን በላና ጭዱ ቀረ፤ ይታጠፋል እንጂ አይሸከምም። እሳቱ ጭዱን በላና ጭቃው ቀረ፤ ይቆማል እንጂ አይነካም። ሰው የሚቆመው ሁለቱ ሲያያዙ ነው።»

ከዚያ የቅልጥሙን ጫፍ በጣቷ አስነካት። ነጭ ሆኖ ትንሽ ሰማያዊ የሚነካው፣ እንደታጠበ ሲኒ የሚያንሸራትት ነበር።

«ይኼ ልም አጥንት ነው። ጆሮሽና የአፍንጫሽ ጫፍ ላይ ያለው ዘመዱ ነው። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ መካከል ገብቶ የሚያስማማ።» በቢላ ጫረው። ጠብታ ደም አልወጣውም። «አዲስ አበባ በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። አጥንት ውስጥ የደም መንገድ አለ፤ በመንገዱ ዙሪያ ጎጆዎች አሉ፤ ጎጆዎቹ በቀጭን መተላለፊያ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሲሰበር ይደረስለታል። ይደማል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ይጋጠማል። ልም አጥንት ውስጥም ጎጆዎች አሉ። መንገድ ግን የላቸውም። ቀለባቸው የሚደርሳቸው እንደ ዝናብ ውሃ ሰርጎ ነው። ቢሰነጠቅ ጩኸቱን የሚሰማለት የለም።»

«ያማል?»

«እሱ ራሱ አያምም፤ ሕመም የሚያውቅ ሥር የለውም። የሚያመው ከሥሩ ያለው አጥንት ነው፣ ልሙ ሲያልቅ።»

«ታዲያ አይድንም?»

«የማይደማ ነገር አይድንም፣ የትሜ» አለና ቅልጥሙን ድስት ውስጥ ጨመረው። መረቁን አብረው ጠጡ። ያን ቀን ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር።

ዱመርሶ እንደደረሰች ወልዱ ትኩሳት ላይ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ «ስንጥቁ ጉልበቴ ውስጥ ገብቷል… ልሙን ከፍሎታል… ለየትሜ አትንገሩ» አለ። ጭንቅላቱን ደግፋ ውሃ የምታጠጣው እሷ ራሷ ነበረች። ትኩሳቱ ሲበርድለት ስለ ጉልበቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እሷም አልጠየቀችውም። ከዚያ ወዲህ እሱ አታውቅም እያለ፣ እሷ እንደማታውቅ እየሆነች ከረሙ።

ቄቧም ጉልበቷ ላይ ብትሰበር ኖሮ አትሄድም ነበር። የትምወርቅ ደግሞ የምትሄድ ዶሮ ስለፈለገች አፏን ዘጋች።

ሀዲጃ በገበያ ቀን ጨው ይዛ ብቅ አለች። ዲላ ውስጥ ባለሱቅ ጎረቤቷ ነበረች፤ ባሏ ከሸዋ የመጣ ነጋዴ ነው። ገና ከመቀመጧ የትምወርቅን ሆድ በዓይኗ ለካች።

«ገፋ እኮ! ምን ትበያለሽ አንቺ? ቆጮ ብቻ?»

«ጎመንም አለ።»

«ጎመንም አለ!» አለች ሀዲጃ በምጸት፤ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ቅቤ ፈትታ ሰጠቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አዋጅ ተነግሯል። ከዘመቻ የተመለሰ ሁሉ እጁን ይስጥ ተብሏል። የደበቀ ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ ራሱም አይተርፍም። ባንዳዎቹ ቡሌን ፈትሸው ጨርሰው ወደዚህ እየወረዱ ነው።»

«እጁን የሰጠስ?»

«ምሕረት አለው ይላሉ።» ሀዲጃ ጨዉን ሳያስፈልግ አስተካከለች። «ተመልሶ ያየሁት ግን የለም፣ የትሜ።»

ሲራራ ነጋዴው ጉግሳ ጥቂት ሰዎች ይዞ ወደ ኬንያ ድንበር ሊሻገር እንደሆነም ነገረቻት። ጥርጊያውን ትተው በጫካ ለጫካ ነው የሚሄዱት፤ በቅሎ አይዙም፣ ኮቴ ያስይዛልና። ጉግሳ ክንዱን በሪሶ ስለጠገነለት የበሪሶን ዶሮ ያምናል። ቄቧ እስክትሄድ ይጠብቃል፤ በቃሬዛ ግን ሰው አይወስድም። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ሲያዙ ዓይቷል።

«እሱ ባይችልስ?» አለች ሀዲጃ።

«እኔም አልሄድም።»

«ልጅሽስ?»

«ልጄም አይሄድም።»

«አልሄድም አለሽ እንዴ ልጁ? ጠየቅሽው?»

የትምወርቅ ከግርግዳው ወዲያ መደቡ ሲንቋቋ ሰማች። ገብታ ስታየው ወልዱ ፊቱን ወደ ግርግዳው አዙሮ የተኛ መስሏል።

ከዚያ ወዲያ የጎጆው ሰው ሁሉ ዓይን ቄቧ ላይ ዋለ። የበሪሶ ሚስት በቆሎ እየፈረፈረች ታበላታለች። ጉግሳ በሰበብ አስባቡ ብቅ እያለ «እንዴት አደረች?» ይላል፤ የሚጠይቀው ስለ ዶሮዋ እንጂ ስለ ወልዱ አይደለም። ወልዱ «በሕይወቴ እንዲህ የተከበረች ዶሮ አላየሁም፤ ነገ ደጃዝማች ሳትባል አትቀርም» እያለ ይቀልዳል። የትምወርቅ ግን የቄቧን እግር ባየች ቁጥር ውስጧ ሁለት ይሆንባታል። ቶሎ ትሂድ ትላለች። ባትሄድ ትላለች። እስካልሄደች ድረስ ወልዱ የታሰረ እንጂ ያልዳነ ሰው አይደለም።

አንድ ጠዋት ቄቧ ከምድጃው ዳር ተነሥታ የወደቀ ፍሬ ልትለቅም ደጁን ተሻገረች። አላነከሰችም። የበሪሶ ሚስት እልል ልትል አፏን ከፍታ ጎረቤት ትዝ ሲላት በእጇ አፈነችው።

በሪሶ ቃጫውን ፈታ፤ ቀርከሃውን አንድ በአንድ አነሳ። የወልዱ እግር ከስቶ ገርጥቶ ነበር። የትምወርቅ ጣቷን በቅልጥሙ ላይ አስኬደች። ስብራቱ የነበረበት ቦታ ጎበጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ አዲስ አጥንት አገኘች። ደሙ መንገዱን አግኝቶ ደርሶ ሠርቶት ነበር።

«ይኸው!» አለ በሪሶ። «ይኸው አጥንት! በመጥረቢያ ምታው!»

«እጠፈው» አለችው የትምወርቅ ባሏን። መዳፏን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች።

ወልዱ አጠፈው። እህል ያለቀበት ወፍጮ ድንጋይ ለድንጋይ ሲፋጭ እንደሚያደርገው፣ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር አንድ ነገር መዳፏን አንገጫገጨው። የበሪሶም እጅ እጇ አጠገብ ነበረና እሱም ተሰማው። ጣቶቹ ቆሙ። የትምወርቅ ቀና ስትል ወልዱ የጣሪያውን ሣር ያይ ነበር።

«ደህና ነው» አለ ወልዱ። «ሰንብቶ ነው የደነዘዘው።»

በሪሶ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ዶሮው እኮ ሄደ» አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። ወጥቶ ደጅ ላይ ተቀመጠና ቄቧን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

ጉግሳ በዚያው ቀን መጣ። ወልዱ ዱላ ይዞ ከጎጆው ወጣ፤ በእንሰቱ መካከል ሄዶ ተመለሰ፤ ከጓሮ ያለችውን አጭር ዳገት ወጣ። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሎ ሳለ ይስቃል።

«አንተ ጉግሳ፣ በቅሎ ስትገዛም እንዲህ ዳገት ታወጣታለህ?»

«አወጣታለሁ። በቅሎ ግን ስታማት አትስቅም።»

«እኔ ደስ ስላለኝ ነው የምስቀው።»

ጉግሳ ወደ የትምወርቅ ዞረ። «እመቤቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ይችላል?»

እውነቱን ብትናገር ጉግሳ በማግስቱ ትቷቸው ይሄዳል፤ እሷም እዚሁ ትቀራለች። «ይችላል» አለች። ወልዱ ሳቁን አቋርጦ አያት።

ጎህ ሲቀድ ተነሡ። በሪሶ ወንዙ ድረስ እሸኛችኋለሁ ብሎ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃና አንድ ጥቅል ጠፍር በትከሻው ተሸከመ። የትምወርቅ ምን ያደርግልሃል ስትለው «ወንዙ ድልድይ የለውም» አላት። መልሱ በቂ መስሎ ታያትና ተወችው።

ዳገቱን ወጡት። ወልዱ በዱላውና በደህና እግሩ ተደግፎ ይሄዳል፤ ከሰው ኋላ አልቀረም፤ ጉግሳ እንኳ ዞሮ ማየቱን ተወ። የትምወርቅ ልቧ ተታለለ። ምናልባት አለች በሆዷ። ምናልባት የበሬና የሰው ልም አጥንት አይመሳሰል ይሆናል። ምናልባት አዲስ አበባ ያሉት መምህራን ያላዩት መንገድ ይኖር ይሆናል።

ከአናቱ በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። በዝናብ የራሰ ቀይ መሬት ነው፤ ቁልቁል ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ወልዱ ለበሽተኞቹ ሁልጊዜ የሚላትን አባባል ታውቃታለች፤ ዳገት የልብ ነው፣ ቁልቁለት የጉልበት። ጥቂት እንደወረደ ሲቆም አየችው። እግሩን ለማንሳት ሞከረ፤ ጉልበቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ ተቆልፎ ቀረ። ተንሸራቶ ተቀመጠ። አልጮኸም። ፊቱ አመድ መሰለ።

ጉግሳ ተመለሰ። የወልዱን ጉልበት አየ፤ የሰማዩን ብርሃን አየ። «ወንድሜ» ብሎ ትከሻውን ያዘው። «ወንዙ ዳር እንጠብቃለን። ብዙ ግን አንቆይም።» ሰዎቹን ይዞ ወረደ።

የትምወርቅ አጠገቡ ተንበረከከች። በሪሶ ከላያቸው ቆሞ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቀርከሃዎቹን መሬት ላይ ትይዩ አጋድሟል። ጠፍሩን በመካከላቸው ሲዘረጋ አየችው። ያን ጊዜ ነው ቃሬዛ መሆኑን ያወቀችው።

«ቀድማችሁ ተነጋግራችኋል» አለች።

«አዎ።»

«እንደማትችል ታውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ? ለምን እስከዚህ…»

«ከጎጆው አልወጣም ብለሽ ነበር። ለሀዲጃ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እዚያ ተኝቼ ሂጂ ብልሽ አትሄጂም። አሁን ግን ሰዎቹ ከታችሽ ናቸው። እዚህ ድረስ ማምጣት እችል ነበር፤ አመጣሁሽ።»

«ዋሸኸኝ።»

«አንቺስ? ዶሮዋን የያዝሽለት አንቺ አልነበርሽ? አፍሽ ተከፍቶ ሲዘጋ ከመደቡ ላይ አየሁት።»

በሪሶ ጠፍሩን ይቋጥራል፤ ይፈታል፤ መልሶ ይቋጥራል።

«አንተ» አላት በሪሶ ጀርባውን እንደሰጣት፤ «እኔ ሁልጊዜ ዶሮ መሐሉን ነው የምሰብር። አባቴም መሐሉን ነው። ጉልበት ላይ ሰብረን አናውቅም። አላወቅንም።»

«አንተ ምንም አላጠፋህም፣ አያ በሪሶ» አለችው። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ ለባሏ፣ «ወደ ቤቱ ይወስድሃል?»

ወልዱ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«ወልዱ፣ ወደ ዱመርሶ ነው?»

«ባንዳዎቹ ነገ ዱመርሶ ናቸው። እዚያ ካገኙኝ ቤቱን ከነሚስቱ ያቃጥሉታል። መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት ብሎ ዲላ ያስረክበኛል። ምሕረት አለ ይባላል እኮ።»

ሁለቱም ተያዩ። ሀዲጃ ተመልሶ ያየችው አንድም ሰው እንደሌለ ሰምተዋል።

«አልሄድም» አለች የትምወርቅ፤ ነጠላውን በጡጫዋ ጨመደደችው። «አብሬህ ዲላ እገባለሁ።»

ወልዱ እጁን ዘርግቶ ሆዷ ላይ አኖረው። በሽተኛ ሲመረምር እንደሚያደርገው በመዳፉ ሙሉ፣ ሳይጫን።

«የእሱ አጥንት ገና ብዙው ልም ነው» አላት። «ነግሬሽ ነበር? የሰው ልጅ መጀመሪያ ልም ሆኖ ነው የሚሠራው። ከዚያ ደም ይገባበታል፤ መንገድ ይከፍትበታል፤ ጭድና ጭቃውን ያቆማል። ይህን ሁሉ ካንቺ ነው የሚወስደው፤ ካጣ ካንቺ አጥንት ያፈርሳል። ዲላ እስር ቤት ምን ይሰጡሻል? ብዪ፣ የትሜ። ያገኘሽውን ሁሉ ብዪ። ሂጂ።»

ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ የማትነሣ መስሏታል። ከሀዲጃ ቅቤ የተረፈውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ጉልበቱን በእጇ አሸችለት። ምንም እንደማይጠቅመው ሁለቱም ያውቃሉ። እስክትጨርስ ተዋት።

በሪሶ ተንበርክኮ ወልዱን እንደ ሕፃን አቅፎ ጠፍሩ ላይ አጋደመው። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ አንስቶ ሌላውን መሬት ላይ እየጎተተ ወደ ላይ ዞረ።

«በሪሶ» አለ ወልዱ፤ «ሐኪም ተሸክመህ ስትገባ ገበያው ምን ይላል?»

«የኔን በሽተኛ አመጣሁ እላለሁ» አለ በሪሶ። ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም።

የቀርከሃዎቹ ጫፎች ቀዩን ጭቃ እየፋቁ ከእንሰቱ ጀርባ እስኪሰወሩ የትምወርቅ ቆማ አየች። ወልዱ እጁን አላወዛወዘም፤ ተከትላው እንዳትመለስ ብሎ ይሆናል። ከታች ጉግሳ አንዴ አፏጨ።

ቁልቁለቱን ወረደች። መሬቱ ያንሸራትታል። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በሌላው ቅርንጫፍ እየያዘች ወረደች። በየእርምጃው ጉልበቷ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። እንደ ወልዱ ይፋጭ እንደሆን ለመስማት ሞከረች። ምንም ድምፅ አልነበረውም።